ከስኮሩ ይልቅ ቀን መቁጠሪያውን እዩ

ውድ ወጣት ሐኪሞች፣

አሜሪካ ሬዚደንሲ፣ ማለትም የስፔሻሊቲ ሥልጠና፣ ለመግባት የምታስቡ ልጆች ስትደውሉልኝ የመጀመሪያው ጥያቄ ሁሌ ያው ነው። «ጋሼ፣ ስቴፕ 2 ላይ ስንት ባመጣ ማች አደርጋለሁ?» ከጎንደር የሚደውለውም፣ እዚሁ አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ጎረቤቴ የሆነውም ይህንኑ ይጠይቀኛል። (ስቴፕ የአሜሪካ የሐኪምነት ፈቃድ ፈተና ደረጃ ነው፤ ማች ደግሞ አመልካቾችን ከሬዚደንሲ ፕሮግራሞች ጋር የሚያጣምረው ዓመታዊ ምደባ።) የምችለውን እመልሳለሁ። ከዚያ እኔ በተራዬ ስጠይቅ ግን ዝም ይባላል። መቼ ተመረቅህ? ወረቀቶችህ የት ናቸው? በሽተኛ ካየህ ስንት ጊዜህ ነው?

ስኮር ቀላል ነገር ነው ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ የስቴፕ 1 ውጤት በቁጥር መነገሩ ቀርቶ «አልፏል» ወይም «ወድቋል» ብቻ ሆኗል። ስለዚህ ቁጥር የሚፈልግ ፕሮግራም ሁሉ ዓይኑን ስቴፕ 2 ሲኬ (የስቴፕ 2 የጽሑፍ ፈተና) ላይ ጥሏል። አንዴ ካለፋችሁ ደግሞ ስኮር ላሻሽል ብሎ መድገም አይፈቀድም። ሳትዘጋጁ አትግቡ። ይህን ሁሉም ስለሚነግራችሁ ብዙ አልልበትም።

ማመልከቻ ከሚያነቡት ወገን ተቀምጬ ያየሁት ግን ጥሩ ስኮር ይዘው በጊዜ ምክንያት የሚቀሩ ልጆችን ነው። በ2024 ማች፣ አሜሪካ ውስጥ ከሚማሩ የመጨረሻ ዓመት የኤምዲ ተማሪዎች ከመቶ 93ቱ ቦታ አግኝተዋል። ውጭ አገር ተምረው የአሜሪካ ዜግነት ከሌላቸው አመልካቾች ያገኙት ከመቶ 58 ያህሉ ናቸው። የቀሩት ሰነፎች አይደሉም። ብዙዎቹ ማመልከቻቸውን የሰው ዓይን ሳያየው ነው የቀሩት። አንድ የውስጥ ደዌ ፕሮግራም ለጥቂት ቦታ በሺዎች የሚቆጠር ማመልከቻ ሊደርሰው ይችላል። ሁሉንም የሚያነብ ሰው ከየት ይመጣል? ኮምፒውተሩ ላይ ማጣሪያ ይደረጋል። ፈተና ወድቆ ያውቃል? ቪዛ ይፈልጋል? ከተመረቀ ስንት ዓመቱ ነው? ከተመረቀ አምስት ዓመት ያለፈውን የማያይ ፕሮግራም ብዙ ነው።

ይህ ለእኛ ልጆች ከባድ ፍርድ ነው። ተመርቆ፣ ዕጣ አውጥቶ፣ ወረዳ ሆስፒታል ሄዶ፣ ግዴታውን ጨርሶ፣ ታናናሾቹን አስተምሮ ቀና ሲል ብዙ ዓመት አልፏል። ሌት ተቀን የሠራበትን ያን ሁሉ ጊዜ ማጣሪያው የሚያውቀው በቁጥር ብቻ ነው። ፍትሐዊ ነው አልልም። ግን ከዛሬ ጀምሮ ምን ምን ጊዜ እንደሚበላችሁ ብታውቁ ቢያንስ የሚድነውን ታድናላችሁ።

ጊዜ ከሚበሉት ነገሮች ሁሉ የሚያናድደኝ ወረቀት ነው፤ ምክንያቱም አገር ቤት ሳላችሁ በአንድ ሳምንት የሚያልቀው ነገር ከዚህ ሆኖ ዓመት ይፈጃል። ኢሲኤፍኤምጂ የሚባለው የውጭ ምሩቃንን ሰነድ የሚያረጋግጠው ድርጅት እናንተ የምትልኩትን ዲግሪ አይቶ ብቻ አያምንም። ራሱ ትምህርት ቤታችሁን ይጠይቃል። ጥያቄው ሬጅስትራር ዘንድ ይደርሳል። ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው፣ ፈቃድ ላይ ነው፣ ተቀይሯል። ሁለቱንም ስቴፕ በጥሩ ውጤት ጨርሶ፣ ትምህርት ቤቱ መልስ ባለመላኩ ብቻ የአንድ ዓመት ማች ያመለጠው ልጅ አውቃለሁ። ስለዚህ ከመውጣታችሁ በፊት ኮስት ሼሪንጉን ጨርሱ፣ ኦሪጅናል ዲግሪውንና ትራንስክሪፕቱን እጃችሁ አስገቡ፣ የዲኑን ደብዳቤ አስጽፉ። ማረጋገጫውን የሚልከው ሠራተኛ ማን እንደሆነ በአካል ሄዳችሁ እወቁ፤ ስልኩንም ያዙ። ጉዳይ የሚከታተልላችሁ አንድ ታማኝ ሰው ደግሞ እዚያው ይኑራችሁ።

የስም ነገርም አለ። ፓስፖርት ላይ በአንድ «ኤን»፣ ዲግሪ ላይ በሁለት «ኤን»። አንዱ ሰነድ የአባት ስም ላይ ያቆማል፣ ሌላው አያት ይጨምራል። የምረቃው ቀን ከእኛ አቆጣጠር ወደ ፈረንጁ ሲመለስ አንዱ ወረቀት 2019፣ ሌላው 2020 ይላል። ለእኛ ምንም አይደለም፤ ለእነሱ ግን ሁለት ሰው ነው። አገር ቤት እያላችሁ ሁሉንም ከፓስፖርቱ ጋር አስተካክሉ።

የሥራ ፈቃዳችሁንም አሳድሱት። ስቴፕ 2 ሲኤስ የሚባለው የተግባር ፈተና በ2021 ከተቋረጠ ወዲህ በእሱ ፋንታ የተለያዩ የማረጋገጫ መንገዶች ተዘርግተዋል። አንደኛው መንገድ በቅርብ ዓመታት ውስጥ የጸና ፈቃድ ለነበረው ሐኪም ነው። በየትኛውም መንገድ ብትሄዱ ኦኢቲ የተባለውን የእንግሊዝኛ ፈተና ማለፍ ግድ ነው። ፈተናዎቹም የራሳቸው ሰዓት አላቸው፤ ለኢሲኤፍኤምጂ ሰርተፊኬት የሚፈለጉትን በሰባት ዓመት ውስጥ ካልጨረሳችሁ የመጀመሪያው ይቃጠላል። ለአንድ ስቴፕ ደግሞ ከአራት ጊዜ በላይ መቀመጥ አይቻልም። አንዱ ስቴፕ ከ1,000 ዶላር በላይ መሆኑን ስታስቡት አራት ጊዜ ለመቀመጥ የሚቸኩል ያለ አይመስለኝም።

አሁን ደግሞ ወደ እኛዎቹ፣ ማለትም በዲቪ ወይም በጋብቻ እዚህ ወደገባችሁት ልምጣ። እናንተ የቪዛ ራስ ምታት የለባችሁም። ትልቅ ዕድል ነው። ግን የመጀመሪያው ወር ኪራይ ይመጣና ፓርኪንግ ትገባላችሁ። ፓርኪንግ ነውር አይደለም፣ ስንቱን ቤተሰብ ያስተማረ ሥራ ነው። ችግሩ «ለስድስት ወር ብቻ» ብሎ የገባ ሐኪም ሦስተኛ ክረምቱንም እዚያው ዳስ ውስጥ መጽሐፍ ታቅፎ ሲያሳልፍ ነው። ደሞዙ ትንሽ ቢያንስም ሆስፒታል በር ውስጥ የሚያስገባችሁን ሥራ ፈልጉ። ለሐኪም ማስታወሻ የሚጽፍ ስክራይብ፣ ሜዲካል አሲስታንት፣ ደም የሚቀዳ ባለሙያ፣ የምርምር ረዳት። አማርኛና ትግርኛ ወይም ኦሮምኛ የምትችሉ ደግሞ የሕክምና አስተርጓሚ ሆናችሁ መሥራት ትችላላችሁ። ይህ ሁሉ እንደ ሐኪም ልምድ አይቆጠርም። ግን የአገሩን ሆስፒታል ቋንቋ ትለምዳላችሁ፤ ስማችሁን የሚያውቅ ሐኪምም ታገኛላችሁ። ያለ እሱ ደብዳቤ ማን ይጽፍላችኋል?

ደብዳቤ ስል፣ እዚህ ላይ ትንሽ ቆየት ልበል። አገር ቤት የሚጻፈው የድጋፍ ደብዳቤ አብዛኛውን ጊዜ አራት መስመር ነው። «ትጉህ፣ ታዛዥና ቅን ነው፤ መልካሙን ሁሉ እንመኝለታለን።» የሚጽፈው ፕሮፌሰር ልጁን ከልቡ ይወደዋል፤ ግን እዚህ ያለው አንባቢ «አያውቀውም ማለት ነው» ብሎ ያልፈዋል። ጠንካራ ደብዳቤ አንድ በሽተኛ ይጠቅሳል፤ ልጁ ምን እንዳሰበ፣ ምን እንደሠራ ይነግራል። ሐኪሙን ስትጠይቁ አብራችሁ ያያችሁትን ሁለት ሦስት ኬዝ ጽፋችሁ ስጡት፤ ያመሰግናችኋል። ደብዳቤውን አላነበውም የሚለውን ሣጥን ደግሞ ምልክት አድርጉበት። «ካላየሁት ምን እንደጻፈ በምን አውቃለሁ?» የሚል ልጅ ብዙ ነው። አንባቢው ግን ከአመልካቹ የተሰወረውን ደብዳቤ ነው ይበልጥ የሚያምነው።

ስለ ኦብዘርቨርሺፕ ብዙ ትጠይቁኛላችሁ። ቆሞ ማየት ነው፤ በሽተኛ አትነኩም። ገና ተማሪ የሆናችሁ፣ ትምህርት ቤታችሁ ከፈቀደ በመጨረሻው ዓመት ኢሌክቲቭ (ተማሪው መርጦ የሚወስደው የሆስፒታል ልምምድ) ይዛችሁ ኑ፤ እጃችሁን የምታስገቡበት እሱ ነው፤ ከተመረቃችሁ በኋላ ግን ያ በር ይዘጋል። ለአንድ ወር መቆሚያ ብዙ ሺህ ዶላር የሚጠይቃችሁን ደላላ ደግሞ ማን ደብዳቤ እንደሚጽፍላችሁ፣ በየትኛው ሆስፒታል እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁት። ከተንተባተበ ገንዘባችሁን ኪሳችሁ አቆዩት።

ሲቪያችሁን ሳነብ የምበሳጭበት ነገር አለ። ወረዳ ሆስፒታል ብቻውን ዱቲ ያደረ፣ ሌሊት በስልክ መብራት ያዋለደ፣ የቲቢ ክሊኒክ የመራ፣ የወባ ወረርሽኝ የተጋፈጠ ልጅ ያን ሁሉ በአንድ መስመር ይጽፈዋል፦ «ጂፒ (ጠቅላላ ሐኪም)፣ ሁለት ዓመት።» በቃ! ቃለ መጠይቅ ላይም «እኔ ሠራሁ» ማለት ያፍራል፤ «እኛ» ይላል። ራስን ማሞገስ ነውር ነው ተብለን ነው ያደግነው፤ እኔም እወደዋለሁ ያን አስተዳደግ። ግን ስንት አልጋ እንደነበረ፣ ስንት ሐኪም እንደነበራችሁ፣ ማታ ማን እንደሚወስን መናገር ጉራ አይደለም። ያ ነው ከተመረቃችሁ በኋላ ያለፈውን ዓመት «ባዶ» ከመባል የሚያድነው። የግል መግለጫችሁንም «ከልጅነቴ ጀምሮ ሐኪም መሆን እመኝ ነበር» ብላችሁ አትጀምሩ። የማይመኝ የለም።

አንድ ከባድ ነገር። የፈተና ጥያቄ በቴሌግራም ይሸጣል፣ ታውቃላችሁ። በጥር 2024 የፈተናው ባለቤቶች ከኔፓል ጋር የተያያዙ የብዙ ተፈታኞችን ውጤት ሰርዘዋል። ከመካከላቸው ሬዚደንሲ የጀመሩ ነበሩ። አልሰረቅንም ብለው ፍርድ ቤት የሄዱም ነበሩ። እኔ ፈራጅ አይደለሁም። ግን ከአንድ አገር የመጡ ሰዎች ስም አንዴ ከተነሳ ንጹሑም አብሮ ይጠራል። ከዚያ ግሩፕ ውጡ።

ቪዛ ለሚያስፈልጋችሁ፣ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ጄ-1 የተባለው የልውውጥ ቪዛ ነው። ለእሱ የአገራችን ጤና ሚኒስቴር «ይህ ሙያ ያስፈልገናል» የሚል ደብዳቤ መጻፍ አለበት። የማች ውጤት የሚነገረው በመጋቢት፣ ሥራ የሚጀመረው በፈረንጆቹ ጁላይ 1 ነው፤ ስለዚህ ደብዳቤውን በማግስቱ ጀምሩት። ስትጨርሱ ሁለት ዓመት አገራችሁ መመለስ ይጠበቅባችኋል፤ ያ የሚነሳው ለምሳሌ ኮንራድ 30 በሚባለው ፕሮግራም ሐኪም በጠፋበት አካባቢ ሦስት ዓመት ስታገለግሉ ነው። እያንዳንዱ ስቴት በዓመት 30 ቦታ አለው። ኤች-1ቢ የተባለውን የሥራ ቪዛ ለሚፈልግ የመጨረሻውን ደረጃ፣ ስቴፕ 3ን፣ አስቀድሞ ማለፍ ግድ ነው። በዚያ ላይ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 በአዲስ ማመልከቻ ላይ የ100,000 ዶላር ክፍያ ታውጇል፤ ሆስፒታሎች ከዚህ ቪዛ ቢሸሹ አይገርምም። ደንቡ ይቀያየራልና ከማመልከታችሁ በፊት የየፕሮግራሙን ገጽ አንብቡ። ከ30 ፕሮግራም በላይ ስታመለክቱ የአንዱ ዋጋ ከፍ ስለሚል፣ ቪዛ የማይሰጥ ፕሮግራም ላይ ዶላር አታባክኑ።

ስንት ጊዜ እንደምትሞክሩ ከመጀመሪያው ከባለቤታችሁ ጋር ተነጋገሩ። ሁለት ጊዜ? ሦስት? ቁጥሩ የእናንተ ነው፤ ግን ይኑር። ቆዳ ሕክምናና ኦርቶፔዲክስ ለውጭ ምሩቅ እጅግ ጠባብ በር ነው። የውስጥ ደዌ፣ የቤተሰብ ሕክምና፣ የሕፃናት ሕክምናና ፓቶሎጂ ሰፋ ያሉ ናቸው። ካልሆነስ? አገር ቤት ጥቁር አንበሳ ወይም ጳውሎስ ስፔሻላይዝ ማድረግ ሽንፈት አይደለም፤ ብዙ ጎበዝ ባልደረቦቼ የመረጡት ነው። በኋላ እዚህ ብትመጡ ብዙውን ጊዜ ሬዚደንሲውን ከዜሮ እንደምትጀምሩ ግን እወቁ። ቴነሲ በ2023 ሬዚደንሲ እዚህ ላልሠራ የውጭ ሐኪም ጊዜያዊ ፈቃድ የሚሰጥ ሕግ አውጥታለች፤ ሌሎች ስቴቶችም ተከትለዋታል። እዚያም ቢሆን በቅርብ ዓመታት ሥራ ላይ እንደነበራችሁ መታየት አለበት። እጃችሁ ከበሽተኛ አይራቅ የምለው ለዚህ ነው።

ለዘንድሮ የምትዘጋጁ፣ ፕሮግራሞቹ ማመልከቻ ማየት የሚጀምሩት በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር መጨረሻ ነው። የዚያን ዕለት ፋይላችሁ ሙሉ ይሁን፤ ከሁለት ወር በኋላ የሚሞላ ማመልከቻ የቃለ መጠይቅ ቀኖቹ ካለቁ በኋላ ይደርሳል። ደብዳቤ በሰኔ የጠየቃችሁትን ሐኪም በነሐሴ ደውላችሁ አስታውሱት። ሰው ነው፣ ይረሳል፤ እኔም ብዙ ጊዜ ተደውሎልኝ ነው የጻፍኩት።