ትንሹ ዓሣ ልጅ ነው ወይስ ያረጀ?

ውድ ልጆቼ፣

ባለፈው ወር ከአገር ቤት አንዲት የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ደብዳቤ ጻፈችልኝ። ጥናቷን የምትሠራው ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን በአንዱ ላይ ሲሆን፣ በመረብ የሚወጣው ቆሮሶ ርዝመቱ እያጠረ መምጣቱን ካስረዳችኝ በኋላ አንድ ጥያቄ አስከተለች፦ «እማማ፣ ዓሣው ትንሽ የሆነው ገና ልጅ ስለሆነ ነው ወይስ ዕድሜው ሄዶ አካሉ ስላላደገ?»

በዚያ ምሽት መልስ ልጽፍላት ተቀምጬ አልቻልኩም። ይኸው ጥያቄ በ2009 ባልቲክ ባሕር ዳር በጠረጴዛዬ ላይ ቀርቦልኝ ነበርና፤ እኔም በገዛ እጄ የተሳሳተ መልስ ሰጥቼበታለሁ። ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ። ለእሷ የጀመርኩት መልስ እየረዘመ ሲሄድ ዓሣ ለምታጠኑ ለሁላችሁም ቢሆን ይሻላል ብዬ አሰብኩ።

በስደት ወደ ሰሜን አውሮፓ መጥቼ ትምህርቴን ከጨረስኩ በኋላ፣ የሥራ ዘመኔ አብዛኛው ያለፈው የዓሣ ዕድሜ በመቁጠር ነው። ዓሣ በራስ ቅሉ ውስጥ፣ በግራና በቀኝ፣ የሰውነቱን ሚዛን ለመጠበቅና ለመስማት የሚያገለግሉት ድንጋይ መሰል ነገሮች አሉት፤ በሙያችን ኦቶሊት እንላቸዋለን። ዓሣው እስከሚሞት ድረስ በላያቸው ላይ የኖራ ንብርብር ይጨመርባቸዋል። እድገቱ ሲፋጠን ንብርብሩ ሰፊ፣ ሲገታ ደግሞ ጠባብ ስለሚሆን፣ ወቅቶች በሚፈራረቁበት ባሕር እንደ ዛፍ ግንድ ቀለበት ይቆጠራል። ይህን በ1899 ጠፍጣፋ በሆነ የባሕር ዓሣ ላይ ያሳየው ጀርመናዊው ዮሐንስ ራይቢሽ ነበር። የዓሣው ርዝመትና ዕድሜው አንድ ላይ ሲታወቁ እድገቱ ይታወቃል፤ እድገቱም ስለ ምግቡ፣ ስለ ውኃው ሙቀትና ስለ ኦክስጅኑ ይመሰክራል። የባሕርን ጤንነት በዓሣ እድገት መለካት የሚባለው ነገር መሠረቱ ይህ ነው።

ባልቲክ ለዚህ ዓይነት ምስክርነት የተፈጠረ ባሕር ይመስለኛል። ውኃው እንደ ውቅያኖስ ጨዋማ አይደለም፤ የውቅያኖስ ጨው በሺህ 35 ገደማ ሲሆን፣ በቦርንሆልም ደሴት ዙሪያ ያለው የላይኛው ውኃ ከ7 እስከ 8 ብቻ ነው። ጨዋማው ውኃ በዴንማርክ ጠባብ መተላለፊያዎች በኩል አልፎ አልፎ ይገባና፣ ከባድ ስለሆነ ወደ ጥልቁ ወርዶ ይተኛል። ከላዩ ካለው ቀላል ውኃ ጋር ስለማይቀላቀል ኦክስጅኑ እየተበላ ያልቃል፤ እንደ ታኅሣሥ 2014 ያለ ትልቅ ጎርፍ ከምዕራብ እስኪመጣ ድረስም ሳይታደስ ይቆያል። ኮድ የሚባለው የምሥራቅ ባልቲክ ዓሣ የሚራባው እዚያው ጥልቁ ላይ ነው። እንቁላሉ ጨው በሺህ 11 ገደማ ካልደረሰ አይንሳፈፍም፤ ኦክስጅን በሌለበት ከወደቀ ደግሞ ይሞታል። ያም ሆኖ ይህ ዓሣ በ1984 ብቻ ወደ 400 ሺህ ቶን የሚጠጋ ምርት ሰጥቶ ነበር።

አሁን ወደዚያ ቀን ልመለስ።

በ2009 ጸደይ ላይ፣ ዕድሜውን ሙሉ በጀልባ ላይ የኖረ አንድ ሽማግሌ አስጋሪ በበረዶ የተሞላ ሣጥን ይዞ ወደ ላብራቶሪያችን መጣ። ናሙና ማምጣት የዘወትር ሥራው ነበር፤ የዚያን ቀን ግን ሣጥኑን አስቀምጦ አልሄደም። ጓንቱን አውልቆ አንድ ኮድ አነሣና በሁለት እጁ አጋድሞ ሰጠኝ። ዓሣው 40 ሴንቲ ሜትር ነበር። ራሱ ትልቅ፣ ከራሱ በስተጀርባ ያለው አካሉ ግን ወዲያው የሚቀጥን፣ ጀርባው በጣት ሲጫን አጥንቱ የሚነካ ነበር። «አንቺ ርዝመቱን ትለኪያለሽ፤ እኔ ግን ከመረቡ ሳወጣው እጄ ላይ ይቀለኛል» አለኝ። ከዚያም በቢላዋው ሆዱን ከፈተው። የጤነኛ ኮድ ጉበት ሰፊና ነጣ ያለ፣ በቅባት የተሞላ ነው፤ የዚህኛው ጉበት ግን እንደ አውራ ጣቴ ጠቆር ብሎ ኮስሷል፤ በላዩም ትሎች ተጠምጥመውበታል። ሽማግሌው ምንም ሳይጨምር ጓንቱን አጥልቆ ሄደ።

ዓሣውን መዘንኩት፤ 520 ግራም ሆነ። በስኮትላንዱ ተመራማሪ በፉልተን ስም የሚጠራ አንድ ቀላል ስሌት አለ፤ ክብደቱን በግራም በ100 አባዝታችሁ፣ ሦስት ጊዜ በራሱ ለተባዛው የሴንቲ ሜትር ርዝመት ታካፍላላችሁ። የዚያ ዓሣ ውጤት 0.81 ነበር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የዚያው ርዝመት ኮድ ወደ 700 ግራም ይመዝን ነበር፤ ውጤቱም 1.1 ገደማ ይደርስ ነበር። 0.8 ላይ የደረሰ ኮድ የረሃብ አፋፍ ላይ ያለ ዓሣ ነው።

ቀጥዬ የራስ ቅሉን ከዓይኖቹ በላይ ቀደድኩና በወረንጦ ኦቶሊቶቹን አወጣሁ፤ ከምስር ይበልጣሉ፣ ከባቄላ ያንሳሉ። አንዱን መሀሉ ላይ ሰብሬ በውኃ አርሼ በማይክሮስኮፕ ሥር፣ ብርሃኑን ከጎን አድርጌ ተመለከትኩት። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀለበቶች ሰፋፊዎች ነበሩ። ከዚያ በኋላ ያሉት ግን ወደ ጠርዙ ተጨናንቀው፣ እርስ በርስ ተደራርበው፣ ድንበራቸው ደብዝዞ ነበር። ደጋግሜ ቆጠርኩ፤ 6 አገኘሁ። በፖስታው ላይ በእርሳስ 6 ብዬ ጻፍኩ።

በሥራችን አንድ ኦቶሊት በብዙ አንባቢዎች ይነበብና ንባቦቹ ይነጻጸራሉ። በዚያ ዓመት ውይይት ላይ የእኔ ንባብ ብቻውን አፈንግጦ ወጣ፤ የሌሎቹ 3 እና 4 ነበር። ውይይቱን የሚመራው ሰው፣ የ40 ሴንቲ ሜትር ኮድ ሁልጊዜም የሦስት ወይም የአራት ዓመት ዓሣ መሆኑን፣ ጠርዙ ላይ ያየሁትም እንደ ዓመት የማይቆጠር ሐሰተኛ ቀለበት መሆኑን በትሕትና አስረዳኝ። ልምዱ ከእኔ ይበልጥ ነበር፤ እኔም በዚያ ክፍል ውስጥ በአነጋገሬም በመልኬም ብቸኛዋ እንግዳ ነበርኩ። ላጲስ አንሥቼ 6ቱን አጠፋሁና 4 ብዬ ጻፍኩ። በሣጥኑ ውስጥ የነበሩትን ሌሎች የከሱ ዓሦች ንባብም እንዲሁ አስተካከልኩ። የ0.81ን ውጤት ደግሞ «ያልተለመደ» ብዬ ከአማካዩ ስሌት አወጣሁት። በዚያን ጊዜ ተገቢውን ሁሉ ያደረግሁ መስሎኝ ነበር።

ልዩነቱ ቀላል እንዳይመስላችሁ። የ40 ሴንቲ ሜትሩ ዓሣ የ4 ዓመት ከሆነ በደንብ እያደገ ነው፤ ትልልቆቹ ካልታዩም ተጠምደው አልቀዋል ማለት ስለሆነ መድኃኒቱ መረቡን መቀነስ ነው። ያው ዓሣ የ6 ዓመት ከሆነ ግን ትልልቆቹ እዚያው አሉ፤ አላደጉም እንጂ አልጠፉም። በሽታው የባሕሩ ነው። አንዱ ርዝመት ሁለት የተለያዩ ታሪኮች ይነግራል፤ የሚለያቸውም ዕድሜው ብቻ ነው። 6 ትክክል እንደነበረ ዛሬም አልምልም። የሚቆጨኝ ቁጥሩ አይደለም፤ ጥርጣሬዬን ከነምክንያቱ ከጎኑ ጽፌ ማቆየት እየቻልኩ በላጲስ ማጥፋቴ ነው።

በ2014 የዓሣ ክምችቱን የሚገምቱት ሳይንቲስቶች የዕድሜ ንባቦቹ ሊታመኑ ስላልቻሉ በዕድሜ ላይ የተመሠረተውን ግምገማቸውን ለመቀበል ተቸገሩ። ከ2016 እስከ 2019 ዴንማርክ፣ ጀርመን፣ ፖላንድና ስዊድን ተባብረው ከ20 ሺህ በላይ ኮድ ምልክት አስረው ለቀቁ። እኛ አገር ለዓይን ቅባትነት የምናውቀውን ቴትራሳይክሊን ወጓቸው፤ መድኃኒቱ በተወጉበት ቀን በኦቶሊቱ ላይ በልዩ ብርሃን የሚያበራ መስመር ይተዋል። ዓሣው ዳግም ሲያዝ ከመስመሩ ወዲህ ያደገውን መለካት ይቻላል፤ ግምት የለበትም። ውጤቱ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ከተሰበሰቡ የምልክት መዛግብት ጋር ሲነጻጸር፣ የዓሣው እድገት በሰባት አሥርት ዓመታት ውስጥ ዝቅተኛው ሆኖ ተገኘ። በ1990ዎቹ 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲደርስ ለመራባት የሚበቃው ኮድ አሁን 20 ገደማ ላይ ይራባል። የአውሮፓ ኅብረት በሐምሌ 2019 የምሥራቅ ባልቲክን ኮድ ማስገር በአስቸኳይ ከለከለ። ያ ሽማግሌ ሣጥኑን ካመጣ አሥር ዓመት ሆኖት ነበር።

ልጅ ሆኜ በጾም ወቅት እናቴ ሐዋሳ ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ ወደ አሞራ ገደል፣ ይዛኝ ትሄድ ነበር። ሻጮቹ ቆሮሶውን በርዝመቱ ሲያወድሱላት እሷ ጀርባውን በአውራ ጣቷ ትጫነዋለች፤ ራሱ ከአካሉ የገነነውን «ይህ ውኃ ጠጥቶ ያደረ ነው» ብላ ትመልሰዋለች። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። እኔ ዲግሪ ይዤ፣ ሚዛን ይዤ፣ እናቴ በአውራ ጣቷ የምታውቀውን «ያልተለመደ» ብዬ ከሰንጠረዥ አወጣሁት። ይህን ስጽፍ ዛሬም ፊቴ ይግላል።

ባሕሩን ምን አገኘው ብላችሁ እንደምትጠይቁ አውቃለሁ። ከእርሻና ከከተማ የሚወርደው ናይትሮጅንና ፎስፎረስ አልጌን ያበዛል፤ አልጌው ሞቶ ወደ ጥልቁ ሲወርድ መበስበሱ ኦክስጅኑን ይጨርሳል። ኦክስጅን ያጠረው የባልቲክ ወለል ከመቶ ዓመት በፊት 5 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፤ በቅርብ ዓመታት ከ60 ሺህ በላይ ሆኗል። ኮዱ የሚመገባቸው የወለል እንስሳት አለቁ፤ ስፕራት የሚባለው ትንሽ ዓሣም በአብዛኛው ወደ ሰሜን ሸሸ። የጉበቱ ትል ደግሞ ግራጫ ሲል ከሚባለው፣ ቁጥሩ ካገገመው የባሕር አጥቢ እንስሳ የሚመጣ ነው። የሚገርመው ነገር ኦቶሊቱ ይህንንም መዝግቦ መገኘቱ ነው፤ ኦክስጅን ያጣ ደለል ማንጋኒዝ ወደ ውኃው ይለቃል፣ ማንጋኒዙም በዚያ ዓመት ንብርብር ውስጥ ይቀራል። እኔ ሐሰተኛ ቀለበት ነው ተብዬ ያጠፋሁት ድንበር ሥር የታፈነ ባሕር ታሪክ ተጽፎ ነበር።

ስለ ናሙና ብዛት አልነግራችሁም፤ መምህሮቻችሁ ነግረዋችኋል። ስለ መረብ ዓይን ስፋት ግን አንድ ነገር ልበል። የመረቡ ዓይን ሲለወጥ የዓሣው ርዝመት የተለወጠ ይመስላልና፣ አስጋሪዎቹ በየትኛው መረብ እንደሚሠሩ ሳትጠይቁ ስለ እድገት አትጻፉ። አሁን አሁን ወጣቶች የሌላ ሰው የሰበሰበውን መረጃ ከኢንተርኔት አውርዳችሁ፣ ዓሣውን በእጃችሁ ሳትነኩ፣ ሽታውን ሳታውቁ ሞዴል ስትሠሩ አያለሁ፤ ይህ ያሳዝነኛል። እውነቱን ለመናገር ደግሞ፣ የኦቶሊቱን ንብርብር በሌዘር እየፋቁ በውስጡ ያለውን የማግኒዚየም መዋዠቅ በመከተል የዕድሜውን ክርክር ብዙውን የፈቱት፣ የእኔን ማይክሮስኮፕ እንደ አሮጌ ዕቃ የሚያዩት ወጣቶች ናቸው። ዓይኔ ያልቻለውን እነሱ ችለዋል። ሁለቱንም ሐሳብ እይዛለሁ፤ አንዱን ለመጣል አልቻልኩም።

እድገት ዝቅ ባለ ቁጥር ባሕሩ ታሟል ብላችሁም አትፍረዱ። በ2025 የወጣ አንድ ጥናት ከ1996 እስከ 2019 በቦርንሆልም ጥልቅ የተያዙ የ152 ኮዶችን ኦቶሊትና ዘረ መል መርምሯል። ትልልቆቹና ፈጥነው የሚያድጉት ለዓመታት እየተለዩ ሲጠመዱ፣ ቀስ ብለው የሚያድጉት ዘር ተክተው በመቅረታቸው እድገቱ በዘር ጭምር መለወጡን የሚያሳይ ማስረጃ አግኝቷል። እንግዲህ ቀጭኑ ቀለበት የታፈነው ውኃ ብቻ ሳይሆን የመረባችንም ፈለግ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። የ2009ኙ የእኔ ሽማግሌ ይህን ቢሰማ ምን ይል እንደነበር ብዙ ጊዜ አስባለሁ።

አሁን ለጠየቀችኝ ልጄ። የአንቺ ሐይቅ ክረምቱ እንደ ባልቲክ በረዶ አይደለም፤ ቀለበቱም በባልቲክ ልማድ አይነበብም። በ2000 በታተመ ጥናት የሐዋሳ ሐይቅ ቆሮሶ በዓመት አንድ ሳይሆን ሁለት ቀለበት እንደሚሠራ ተገልጿል። በእኔ ልማድ ብትቆጥሪው ዕድሜውን እጥፍ ታደርጊዋለሽ፤ እድገቱን ግማሽ፤ ጤነኛውን ሐይቅም ታመመ ትያለሽ። የአንቺ ሐይቅ ስንት እንደሚሠራ ካላወቅሽ፣ ጥቂት ዓሣ ቴትራሳይክሊን ወግተሽ በአጥር ባለ ኩሬ አንድ ዓመት አቆዪና ራሱ ይንገርሽ። ለፈተና የሚሰጥሽ ጊዜ አጭር መሆኑን አውቃለሁ፤ ለአማካሪሽ ደብዳቤ ልጻፍልሽ ካልሽም እጽፋለሁ።

የኦቶሊቶቹን ፎቶግራፍ ላኪልኝ። ከእያንዳንዱ ጋር ዓሣው የተያዘበትን ወር፣ ርዝመቱን፣ ክብደቱን፣ የጉበቱን ክብደትና የመረቡን ዓይን ስፋት ጻፊ፤ ወሩ የሌለበትን አትላኪ። የመጀመሪያ ንባብሽን በእስክሪብቶ ጻፊው።