ከእናት ጋር ወደ ቺንክዌ ቴሬ፦ የማርች ወር ይመቻል?

ጥያቄ፦ የምኖረው በፍራንክፈርት ነው። እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ እኔ ዘንድ ስለምትቆይ፣ በማርች ወር አጋማሽ ለጥቂት ቀናት ቺንክዌ ቴሬ ወደሚባለው የጣሊያን የባሕር ዳርቻ ልወስዳት አስቤአለሁ። ጉልበቷን ስለሚያማት ደረጃ መውጣት ያስቸግራታል፤ ወቅቱም ዐቢይ ጾም ነው። በዚያ ጊዜ መሄዱ ያዋጣል? ከመንደሮቹስ የትኛው ይሻለናል?

መልስ፦ ያዋጣል፤ ነገር ግን መንደሩን በፎቶግራፉ ውበት ሳይሆን በደረጃው ብዛት ይምረጡ። ሊጉሪያ በሚባለው የጣሊያን ክፍለ ሀገር ገደላማ ዳርቻ ከተደረደሩት አምስት መንደሮች መካከል በሰፊው የሚወደሱት ቬርናሳና ማናሮላ ቢሆኑም፣ ለእናትዎ ማደሪያነት የምንመክረው ሞንቴሮሶን ነው። የባቡር ጣቢያው ፌጂና በሚባለው የመንደሩ ክፍል ከባሕሩ ፊት ለፊት ስለሚገኝ፣ ከባቡር እንደወረዱ ሜዳ በሆነ መንገድ መጓዝ ይቻላል፤ ወደ አሮጌው ሰፈርም የሚያደርሰው አጭር ዋሻ እንጂ አቀበት አይደለም። ኮርኒሊያን ግን ከዝርዝርዎ ያውጡት። መንደሩ ከባሕር በላይ 100 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የተቀመጠ ሲሆን፣ ከጣቢያው ወደ ላይ የሚወስደው መንገድ ወደ 380 የሚጠጋ ደረጃ አለው። የሚያመላልስ ትንሽ አውቶቡስ ቢኖርም ጉዞን በእርሱ ላይ ብቻ መመሥረት አያስተማምንም።

በወሩ አጋማሽ በርካታ ሆቴሎች ለክረምት እንደተዘጉ ስለሚቆዩ፣ በሞንቴሮሶ ማረፊያ ካጡ ጎረቤት ከተማዋን ሌቫንቶን ይሞክሩ፤ በባቡር የጥቂት ደቂቃ መንገድ ነው። ክፍል ከመያዝዎ በፊት አሳንሰር መኖሩን፣ ከሌለም ክፍሉ ስንት ደረጃ እንደሚያስወጣ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ በእነዚህ መንደሮች «የባሕር እይታ ያለው ክፍል» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ከላይኛው ፎቅ ላይ ነው።

ቬርናሳን በቀን ደርሶ መልስ ማየት ይቻላል፤ ከጣቢያው እስከ ወደቡ ያለው ዋና መንገድ አጭርና ቁልቁለቱም ቀላል ነው። በዚህ ወቅት ዓሣ አጥማጆቹ ማዕበሉን ፈርተው ጀልባዎቻቸውን ከውኃው አውጥተው አደባባዩ ላይ ይደረድሯቸዋል፤ በበጋ የቱሪስት ጠረጴዛ በሚሞላበት ቦታ ላይ ሰማያዊና ቀይ ጀልባ ሸራ ለብሶ ተኝቶ ያገኙታል። እኛ ማርችን የምንመርጠውም ስለዚህ ነው። ለመዋኘት ከሆነ ግን አይድከሙ፤ ውኃው ከ13 እስከ 14 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ቀኑም ቢሆን ፀሐይ ካልወጣ ጃኬት ያስፈልገዋል፤ ዝናብም አይታጣም።

ዝናቡን እንደ ቀላል ነገር አይዩት። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ኦክቶበር 25 ቀን 2011 የጣለው ዶፍ ቬርናሳንና ሞንቴሮሶን በጭቃና በድንጋይ አጥለቅልቆ የሰው ሕይወት አጥፍቷል። ከመንደሮቹ በላይ ያለው ተዳፋት ለዘመናት የተያዘው ያለ ሲሚንቶ በተካበ የድንጋይ እርከን ነው፤ የኮንሶን እርከን ያየ ሰው ሥራውን ወዲያው ይለየዋል። ወጣቱ የወይን እርሻውን እየተወ ወደ ከተማ ሲሄድ ጠጋኝ ያጣው ካብ ይናዳል። ስለዚህ የአየር ጠባይ ማስጠንቀቂያ በሚወጣበት ቀን የቺንክዌ ቴሬ ብሔራዊ ፓርክ የእግር መንገዶች ይዘጋሉ። ለእናትዎ የሚሆነው መንገድ ከሪዮማጆሬ ወደ ማናሮላ የሚወስደው፣ አንድ ኪሎ ሜትር የማይሞላው «ቪያ ዴላሞሬ» ነው። በ2012 በድንጋይ ናዳ ተዘግቶ የነበረው ይህ መንገድ በ2024 ተከፍቷል፤ ሜዳማ ቢሆንም ቀንና ሰዓት አስቀድሞ ማስያዝ ይጠይቃል።

የጾሙ ነገር ከሚያስቡት በላይ ቀላል ነው፤ ችግሩ ያለው ሰዓቱ ላይ ነው። የአካባቢው ሰዎች ፋሪናታ የሚሉት ምግብ የሽምብራ ዱቄት በውኃ፣ በወይራ ዘይትና በጨው ተበጥብጦ፣ በሰፊ የመዳብ ትሪ ላይ በስሱ ፈስሶ፣ ጠርዙ ከረር እስኪልና ፊቱ ወርቃማ እስኪሆን በኃይለኛ እሳት የሚጋገር ነው፤ ቁንዶ በርበሬ ተነስንሶበት በቁራሽ ይሸጣል። ሽሮ ለለመደ አፍ ከቶ እንግዳ አይሆንም። ፎካቻም በመሠረቱ የዘይት ዳቦ ነው፤ አንዳንድ ጋጋሪ ግን የአሳማ ስብ ስለሚጨምርበት «ስትሩቶ አለበት?» ብለው ይጠይቁ። ፔስቶ በሚባለው የበሶብላ ማባያ ውስጥ ደግሞ አይብ አለ። ዓሣን በተመለከተ ግን በእናትዎና በንስሐ አባታቸው መካከል አንገባም።

እናትዎ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ ከሆነ፣ የምግብ ቤቶቹ ኩሽና በእኛ አቆጣጠር ከስምንት ሰዓት ተኩል ገደማ ጀምሮ ተዘግቶ እስከ ምሽቱ አንድ ሰዓት እንደማይከፈት ይወቁ። ብዙ ዳቦ ቤቶችም በዚያው ሰዓት ይዘጋሉ። ፎካቻውን ረፋዱ ላይ ገዝቶ መያዝና በዘጠኝ ሰዓት ባሕሩ ዳር ተቀምጦ መብላት ከሁሉ ይቀላል።

ቀኑን ሲወስኑ የምዕራባውያኑን ፋሲካ ሳምንት ያስወግዱ፤ ብዙ ጊዜ ከእኛ ቀድሞ ስለሚውል ገና በጾም ላይ ሳሉ በሕዝብ የተጨናነቀ ባቡር ይጠብቅዎታል። የመንደሮቹ የመዝናኛ ጀልባዎች አብዛኛውን ጊዜ ከማርች መጨረሻ በፊት ስለማይጀምሩ መጓጓዣዎ ባቡሩ ነው፤ ከሚላኖ እስከ ሞንቴሮሶ ሦስት ሰዓት ያህል ይወስዳል። በመንደሮቹ መካከል ሲንቀሳቀሱ የወረቀት ትኬት ከያዙ፣ ከመሳፈርዎ በፊት ጣቢያው ላይ ባለው ማሽን ያስመቱት፤ ያልተመታ ትኬት ያስቀጣል። በጀርመን የተሰጠ መደበኛ የሸንገን ቪዛ በጣሊያንም ይሠራል፤ ይሁን እንጂ ድንበር ላይ ፍተሻ ሊያጋጥም ስለሚችል የእናትዎን ፓስፖርት፣ የእርስዎንም ፓስፖርትና የመኖሪያ ፈቃድ ከእጅ ቦርሳዎ አይለዩ፤ ቪዛው የሚያበቃበትንም ቀን ትኬት ከመቁረጥዎ በፊት ያረጋግጡ።