ካርቡሬተሩን ከማውጣትህ በፊት

የ1960ዎቹ መኪናህ ጠዋት አልነሳ እያለ ስላስቸገረህ ካርቡሬተሩን (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ክፍል) በኢንጀክሽን፣ ማለትም ቤንዚንን በግፊት በሚረጭ ሥርዓት፣ ልቀይረው ወይ ብለህ ጠይቀሃል። ወንድሜ፣ እኔ ብሆን አልቸኩልም።

መኪናው ለሳምንታት ቆሞ ከሆነ ካርቡሬተሩ ውስጥ የነበረው ቤንዚን ተኖ ያልቃል። እስኪሞላ ሞተሩ ደጋግሞ መዞር አለበት። ይሄ ብልሽት አይደለም። የቆየ ቤንዚን ግን ሙጫ የመሰለ ነገር ትቶ ቀጫጭኖቹን ቀዳዳዎች ይደፍናል። ያኔ ፈትቶ ማጠብና ጓርኒሲዮኑን (በክፍሎቹ መጋጠሚያ የሚገባውን ማሸጊያ) መቀየር ነው። ደግሞ ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን ካንዴላም እይ፤ የብልጭታ ችግር ብዙ ጊዜ በካርቡሬተር ይሳበባል።

ኢንጀክሽን በብርድም በከፍታም ይሻላል፣ አልክድም። ሲበላሽ ግን መንገድ ዳር በመፍቻ አይጠገንም። ቀደምት የኤሌክትሮኒክስ ኢንጀክሽኖች፣ ለምሳሌ በ1967 እ.ኤ.አ. የወጣው የቦሽ ዲ-ጄትሮኒክ፣ ዛሬ በሽቦና በሴንሰር እርጅና ያስቸግራሉ።

ከቀየርክ አደራ፣ የቤንዚን ቱቦዎቹን አትርሳ! ካርቡሬተር የሚፈልገው የቤንዚን ግፊት 0.3 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ገደማ ነው። የዘመኑ ኢንጀክሽን ብዙውን ጊዜ 3 ባር አካባቢ ይፈልጋል። አሮጌ የጎማ ቱቦ ይህን አይችልም፤ ሞተር ላይ ቤንዚን ረጨ ማለት እሳት ነው። የቤንዚን ፓምፑም አብሮ ይቀየራል።

ለመሆኑ ሞተሩ ከሞቀ በኋላስ በደንብ ይሠራል?