ወደ ቱርክ ለምትሄዱ ልጆች

የቱርክ መንግሥት የትምህርት ዕድል የደረሳት የእህቴ ልጅ፣ «ጋሼ፣ ዋናውን ትምህርት ሳልጀምር አንድ ዓመት ሙሉ ቱርክኛ መማር ጊዜ ማባከን አይሆንብኝም?» ብላ ጠየቀችኝ። አይሆንም አልኳትና ወሬ ቀየርኩ። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

እኔ የመስኖ ምህንድስና የተማርኩት በደርግ ዘመን፣ ያኔ የሶቭየት ኅብረት አካል በነበረችው የኡዝቤኪስታን ዋና ከተማ ታሽከንት ውስጥ ነው። ትምህርቱ በሩሲያኛ ስለነበር አውቶቡስ ላይም ሆነ ገበያ ውስጥ የምንሰማው ኡዝቤክኛ ለእኛ እንደ ወፍ ጫጫታ ነበር። በአንድ የዕረፍት ወቅት የክፍል ጓደኛዬ ፈርጋና ሸለቆ ወደሚኖሩት ቤተሰቦቹ ወሰደኝ። አያቱ ሩሲያኛ አያውቁም። በልጅነታቸው ማንበብ የተማሩት በዓረብ ፊደል ነው፤ ጎልማሳ ሲሆኑ መንግሥት ላቲን አመጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1940 ደግሞ ሲሪሊክ፣ የሩሲያኛው ፊደል፣ ተተካ። ማንበብ የሚችል ሰው ሁለት ጊዜ እንደገና መሃይም ሲደረግ አስቡት!

ሐበሻ መሆኔን ሲሰሙ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ብዙ ተናገሩ። እኔ የለየሁት የቢላልን ስም ብቻ ነው፤ በነቢዩ ዘመን አዛን ያደርግ የነበረውን የሐበሻውን ቢላል። የኮምሶሞል (የኮሚኒስት ፓርቲው ወጣቶች ማኅበር) አባል የሆነው ጓደኛዬ ሃይማኖት ያለበትን ንግግር መተርጎም አፈረ መሰለኝ፣ «እንኳን ደህና መጣህ ይሉሃል» ብሎ ዘጋው። ሽማግሌው መልስ ይጠብቁ ነበር። በሩሲያኛ አመሰገንኩና አንገቴን ደፋሁ።

ስንመለስ መንገድ ላይ ጓደኛዬ፣ አያቱ እ.ኤ.አ. በ1939 ታላቁን የፈርጋና ቦይ ከቆፈሩት ገበሬዎች አንዱ እንደነበሩ ነገረኝ። 160 ሺህ ያህል ሰው በአንድ ወር ተኩል ገደማ በእጅ የቆፈረው ቦይ ነው። መምህራኖቻችን የዚያን ቦይ ነገር አንስተው አይጠግቡም ነበር። አሸዋውን እንዴት እንዳለፉት፣ ተዳፋቱን በምን እንደለኩት ልጠይቃቸው የምችል ሰው ፊት ተቀምጬ ሐብሐብ በልቼ ወጣሁ። ሐብሐቡስ ጣፋጭ ነበር፤ እንዲያ ያለ ከዚያ ወዲህ አልቀመስኩም።

የሚያናድደኝ ደግሞ ኡዝቤክኛ ለአማርኛ ተናጋሪ የሚመች መሆኑ ነው። ግሡ መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ «ትናንት የመጣው ሰውዬ» እንደምንለው ሁሉ ገላጩ ከስሙ ይቀድማል። ከሩሲያኛ ይልቅ ለአፋችን የሚቀርበው እሱ ነበር። የቋንቋ ዘመዱ ቱርክኛም በዚሁ መንገድ ይሄዳል።

የዛሬ ልጆች ስልካችን ይተረጉምልናል ትላላችሁ። ስንፍና ነው። ግን ልዋሽ አልችልም፤ ስልክ ከዚያ ጓደኛዬ ይሻል ነበር፤ ቢያንስ አያፍርም።

ቱርክኛ ያወቀ ከአዘርባጃኗ ባኩ እስከ ቻይናዋ ካሽጋር ይግባባል የሚሏችሁን ግን ሙሉ በሙሉ አትመኑ። አዘርባጃንኛ ላይ ብዙ አትቸገሩም፤ ቱርክመንኛም ቅርብ ነው። ኡዝቤክኛና ኡይጉርኛ ጆሮ እስኪለምድ ጊዜ ይፈልጋሉ፤ ካዛክኛ ከዚያ ይብሳል። ሳይቤሪያ ያለው ያኩትኛና የቮልጋው ቹቫሽኛ ዝምድናቸው በሊቃውንት መጽሐፍ ላይ ነው የሚታየው። ታጂኮችን ደግሞ ጎረቤት ስለሆኑ ብቻ ከቱርኮች አትቁጠሯቸው፤ ቋንቋቸው የፋርስ ነው።

ኢስታንቡል ከደረሳችሁና ቱርክኛችሁ ጥቂት ከበረታ፣ ዘይቲንቡርኑ የሚባለው ሰፈር ሂዱ። ከመካከለኛው እስያ የመጡ ኡዝቤኮችና ኡይጉሮች በብዛት አሉበት። ምግብ ቤት ገብታችሁ ፕሎቭ የሚባለውን የሩዝና የሥጋ ምግብ እዘዙ፤ በዕድሜ ጠና ያለ ሰው ካገኛችሁም ስለ አገሩ ጠይቁት።