መቶ ፐርሰንት ሲያን ስንት ነው?

ልጆች፣ ሰሞኑን ፒያሳ አንድ ማተሚያ ቤት ቁጭ ብዬ አንዲት ወጣት ዲዛይነር ከባለቤቱ ጋር ስትሟገት ሰማሁ። ቢዝነስ ካርዱ ላይ ያለው ሰማያዊ ረጋ ያለ ነው። ዌብሳይቱ ላይ ያለው ዓይን ይወጋል። ሁለቱም ከአንድ ቁጥር ነው የተሠሩት።

የሲኤምዋይኬውን ቁጥር (የአራቱን የሕትመት ኢንኮች፣ የሲያን ማለትም የሰማያዊው፣ የማጀንታ፣ የቢጫና የጥቁር መጠን በፐርሰንት) ኢንተርኔት ላይ ካገኘችው መቀየሪያ አስገብታ፣ የወጣላትን አርጂቢ (የስክሪኑን ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃን መጠን፣ ከ0 እስከ 255) እንዳለ ለጥፋዋለች። እነዚህ መቀየሪያዎች አብዛኞቹ የሚያውቁት ተራ ሒሳብ ነው። የኢንኩን መጠን ከመቶ ይቀንሱና ቀሪውን ለመቶ አካፍለው በ255 ያባዛሉ። በዚህ ስሌት መቶ ፐርሰንት ሲያን 0፣ 255፣ 255 ይሆናል። ዕድሜዬን በሙሉ ኦፍሴት ማሽን ሥር ኖሬ እንዲህ የሚያበራ ኢንክ አላየሁም! ያንኑ ሲያን ፎቶሾፕ ውስጥ በፎግራ 39 ፕሮፋይል (ፕሮፋይል ኢንኩ በአንድ ዓይነት ወረቀት ላይ ምን እንደሚመስል የሚናገር ፋይል ነው፤ ይሄኛውን አውሮፓውያን ለአርት ፔፐር፣ ለተቀባው ለስላሳ ወረቀት ይጠቀሙበታል) ብትቀይሩት 0፣ 159፣ 227 አካባቢ ይመጣል። ጥቁሩም እንደዚያው ነው። ስሌቱ ድፍን ዜሮ ይላል፣ ፕሮፋይሉ 29፣ 29፣ 27።

ስክሪን የራሱን ብርሃን ይረጫል። ኢንክ ግን የራሱ ብርሃን የለውም። ከላይ የመጣውን ብርሃን ከፊሉን ውጦ ከፊሉን ወረቀቱ እንዲመልስ ይተወዋል። ስለዚህ ያው ኢንክ አርት ፔፐር ላይ ይደምቃል፣ ጋዜጣ ወረቀት ላይ ይጠጣና ይደበዝዛል። የሲኤምዋይኬ ቁጥር ደግሞ ስንት ኢንክ እንደሚፈስ እንጂ ምን እንደሚታይ አይነግራችሁም።

እኔም ተቃጥዬበታለሁ። የአንድ ደንበኛ ሎጎ የቀዩ ቁጥር ጠፋብኝና ካርዱን በፍሎረሰንት መብራት ሥር በስልክ አነሳሁት። ከፎቶው ላይ ቀለሙን ቀዳሁ። ደንበኛው አይቶ «ይሄ ቡናማ ነው» አለኝ። እውነቱን ነበር። ከዚያ ወዲህ ናሙና የማየው በር ላይ፣ በቀን ብርሃን ነው።

ፓንቶን የሚባለው የቀለም መጽሐፍ ከ1963 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አለ። ከእያንዳንዱ ቀለም ቁጥር ኋላ ያለችውን ፊደል አትናቋት። ሲ እንደ አርት ፔፐር ላለ የተቀባ ወረቀት፣ ዩ ላልተቀባ ወረቀት ናት። በ2022 ፓንቶን ከአዶቤ ፕሮግራሞች ሲወጣ የብዙ ሰው ፋይል ጥቁር ሆኖ ተከፍቷል። የቀለሙን ቁጥር ከፋይሉ ውጭም ጻፉት የምለው ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ስክሪን ሁሉን ያሳያል ብላችሁ አታስቡ። የሕትመት ሲያን ራሱ ከኤስአርጂቢ (ተራ ስክሪን ከሚያሳየው የቀለም ክልል) ውጭ ነው። ከላይ የጻፍኩት ቁጥር ላይ ቀዩ ዜሮ የሆነው ግድግዳው ጋ ስለደረሰ ነው። ስለዚህ ፕሮፋይሉ የሚሰጣችሁ መነሻ ነው። ከዚያ የስክሪኑን ብርሃን ከክፍሉ ጋር አመጣጥናችሁ፣ ካርዱን አጠገቡ ይዛችሁ በዓይን ታስተካክላላችሁ። አንዳንዴ ሁለት ነጥብ ወዲህ ወዲያ ነው። አንዳንዴ ግማሽ ቀን ይፈጃል።

ልጅቷ ይህን ሁሉ ስነግራት ሰምታ ስልኳን ዘጋች። ወደ ባለቤቱ ዞራም «ጋሼ፣ ካርዱ በምን ወረቀት ነበር የታተመው?» አለችው። እሱም መሳቢያውን ስቦ መፈለግ ጀመረ።