ኢንቮይሱ 180 ብር ጎደለ፤ ገዢው ደግሞ «የጻፋችሁትን ከፍያለሁ» ይላል

ጥያቄ፦ መርካቶ ውስጥ ብሎንና ሮንዴላ አከፋፍላለሁ። ለአንድ የግንባታ ድርጅት በአንድ ርክክብ 40,000 ፍሬ ሮንዴላ አቀርባለሁ። የተስማማነው አንዱን ፍሬ ቫትን ጨምሮ በ2 ብር ከ50 ሳንቲም ነው። ስለዚህ አንዱ ርክክብ 100,000 ብር መሆን ነበረበት። የሂሳብ ሶፍትዌራችን የሚያወጣው ኢንቮይስ ግን 99,820 ብር ይላል። እስካሁን 36 ጊዜ አቅርበናል፤ 6,480 ብር ጎድሎብናል ማለት ነው። ገዢው «የጻፋችሁትን ከፍያለሁ» ብሎ እምቢ አለ። አካውንታንቴ በየጊዜው 180 ብሩን «ልዩ ልዩ ወጪ» እያለ ሲዘጋው እንደነበር ደግሞ ገና አሁን ነገረኝ። ገንዘቡን መጠየቅ እችላለሁ? ከግብር ጋር ጣጣ ይመጣብኝ ይሆን? ሶፍትዌሩን የሸጠልኝን ሰውስ መክሰስ እችላለሁ?

መልስ፦ መጀመሪያ 180 ብሩ የት እንደገባ እንይ። ማንም አልሰረቀዎትም። ከ2.50 ውስጥ 15 በመቶውን ቫት ለማውጣት ለ1.15 ሲካፈል 2.173913 እያለ የሚቀጥል ቁጥር ይመጣል። ሶፍትዌርዎ ነጠላ ዋጋን የሚይዘው ከነጥብ በኋላ በሁለት አሃዝ ስለሆነ 2.17 ብሎ ቀሪውን ጣለው። ከዚያ 2.17ን በ40,000 አባዛ፤ 86,800 ሆነ። 15 በመቶ ቫት 13,020 ጨመረበት። ድምሩ 99,820። ትክክለኛው ከቫት በፊት ያለው ዋጋ 86,956.52፣ ቫቱ ደግሞ 13,043.48 ነበር። ግማሽ ሳንቲም እንኳ የማትሞላ ፍርፋሪ 40,000 ጊዜ ስትደጋገም 180 ብር ሆነች።

ይህ የእርስዎ ሱቅ ችግር ብቻ አይደለም። የካናዳው የቫንኩቨር የአክሲዮን ገበያ በጥር 1982 እ.ኤ.አ. አዲስ የዋጋ መለኪያ በ1,000 ነጥብ ጀመረ። ኮምፒውተሩ ከእያንዳንዱ ስሌት በኋላ ከነጥብ በኋላ ካለው ሦስተኛ አሃዝ ቀጥሎ ያለውን እየቆረጠ ይጥል ነበር። በኅዳር 1983 እ.ኤ.አ. መለኪያው ወደ 524 ወርዶ ተገኘ። ስሌቱ ሲታረም ወደ 1,098 ተጠጋ። ሁለት ዓመት ገደማ ገበያው የወደቀ መስሎ የታየው በፍርፋሪ ምክንያት ነው።

ወደ ሕጉ ስንመጣ፣ የእርስዎ ጉዳይ በአንድ ጥያቄ ላይ ይንጠለጠላል። የተስማማችሁበት ቁጥር የቱ ነው? የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1731 በሕግ አግባብ የተቋቋመ ውል በተዋዋዮቹ መካከል ሕግ ነው ይላል። ቁጥር 1733 ደግሞ የውሉ ቃል ግልጽ ከሆነ ዳኞች በትርጉም ስም ከዚያ መውጣት እንደማይችሉ ይናገራል። ስለዚህ ውሉ ወይም ፐርቼዝ ኦርደሩ (ገዢው የላከው የግዢ ትእዛዝ) «አንዱ ፍሬ ቫትን ጨምሮ 2.50» ካለ ዋጋው 2.50 ነው። ኢንቮይስ ውሉ ከተቋቋመ በኋላ የሚመጣ ወረቀት ነው። ስንት እንደሚከፈል ያስታውቃል እንጂ ዋጋ አይቀይርም። በተጨማሪም ሕጉ ስለ ስሕተት በሚደነግግበት ክፍል የሂሳብ አሠራር ስሕተት ውሉን አያፈርስም፣ ይታረማል እንጂ የሚል ድንጋጌ አለ። የእርስዎ ነገር በትክክል ይህ ነው።

ገዢው ምን ሊከራከር ይችላል? «36 ጊዜ ይህንኑ ልከህልኛል፣ አንድም ቀን ጎደለ አላልክም፤ ዋጋውን በተግባር ቀይረኸዋል» ይላል። ባዶ ክርክር አይደለም። የውሉ ቃል አሻሚ ከሆነ ፍርድ ቤቱ ተዋዋዮቹ ከውሉ በኋላ ያሳዩትን አኳኋን ይመለከታል። ነገር ግን ቃሉ ግልጽ ከሆነ እዚያ አይደረስም። ዝምታም በመርህ ደረጃ እንደ መቀበል አይቆጠርም፤ ቁጥር 1682ን ይመልከቱ። ለውል ግዴታዎች አጠቃላይ የይርጋ ዘመኑ፣ ማለትም ክስ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ፣ 10 ዓመት ስለሆነ በዚህ በኩል ብዙ አይጨነቁ። ልዩ አጭር ጊዜ የተቀመጠላቸው ጉዳዮች ስላሉ ግን ነገ ዛሬ እያሉ አያቆዩት።

እንዲያው በግልጽ ልንገርዎት፣ ለ6,480 ብር ፍርድ ቤት መመላለስ አልመክርዎትም። የጠበቃው፣ የዳኝነቱና የሚባክነው የሥራ ቀን ወጪ ይበልጣል። 36ቱን ደረሰኞች በአንድ ገጽ ዘርዝረው፣ ስሌቱን አሳይተው፣ ማህተም አድርገው በደብዳቤ ይጠይቁ። የድርጅቱ ፋይናንስ ክፍል ስሌቱን አይቶ የሚከራከርበት ነገር ያጣል ብዬ እገምታለሁ። ካልሆነም በሚቀጥለው ርክክብ ላይ ለመደራደሪያ ይሆንዎታል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። አንዳንዱ ነጋዴ ጎዶሎውን ሲያይ ነጠላ ዋጋውን 2.18 አድርጎ «ያካክሳል»። ያን ጊዜ ኢንቮይሱ 100,280 ይሆናል። አሁን 280 ብር የተረፈው እርስዎ ጋ ነው። ገዢውም የማይገባውን የከፈለ ሰው እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል በሚለው ቁጥር 2164 መጥቶ ያስመልስዎታል።

አሁን ወደ ግብሩ። እኔን የሚያሳስበኝ ከገዢው ይልቅ የአካውንታንትዎ «ልዩ ልዩ ወጪ» ነው። ደረሰኙ 99,820 ይላል። መዝገቡ ላይ ሽያጩ 100,000 ተብሎ ተይዟል፣ 180 ብር ወጪ ተጽፎበታል። ኦዲተር ቢመጣ ምን ያያል? ደረሰኝ ያልተቆረጠለት የ180 ብር ሽያጭ እና ማስረጃ የሌለው የ180 ብር ወጪ። ወጪውን ውድቅ ያደርገዋል፣ በሽያጩ ላይ ቫት ይጠይቅዎታል። ያልነበረ ነገር 36 ጊዜ ተጽፎ ተገኘ ማለት ነው። አካውንታንትዎ በክፋት አላደረጉትም፤ ሚዛኑ እንዲገጥም ብለው ነው። ቢሆንም ዛሬውኑ የማስተካከያ ምዝገባ ይሥሩ። ምክንያቱን የሚያብራራ ማስታወሻ ፈርመው ከመዝገቡ ጋር ያያይዙ።

ቫቱን በተመለከተ የእኔ አስተያየት ይህ ነው። ከገዢው የተቀበሉት 99,820 ብር ነው፤ በዚያ ላይ 13,020 ቫት አሳውቀዋል። በተቀበሉት ገንዘብ ልክ ቫቱ ትክክል ነው። ጎዶሎውን ሲያስከፍሉ ግን በውስጡ ቫት አለ። በአዋጅ ቁጥር 1341/2016 መሠረትም ምጣኔው ያው 15 በመቶ ነው። ለዚያው ሽያጭ ሁለተኛ ኢንቮይስ እንዳይቆርጡ። በካሽ ሬጂስተሩ ላይም በራስዎ ሥልጣን ሪፈንድ እያደረጉ የድሮውን አይሰርዙ። የሽያጭ ዋጋ ወደ ላይ ሲስተካከል የሚሰጠው ሰነድ ዴቢት ኖት ነው። የድሮውን ደረሰኝ ቁጥር እየጠቀሱ በዚያ ይሥሩት፤ ለግብር ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤትዎም አስቀድመው በጽሑፍ ያሳውቁ።

እዚህ ጋ አንድ የሚያስቅ ነገር አለ። በአንድ ርክክብ የሚጨመረው ቫት 23.48 ነው። በ36 ሲባዛ 845.28 ይሆናል። መላውን 6,480 ይዘው ቫቱን በአንድ ጊዜ ቢያወጡ ግን 845.22 ይመጣል። ስድስት ሳንቲም ተለያየ። እያንዳንዱ ርክክብ የራሱ ደረሰኝ ስላለው በየደረሰኙ ይሥሩ፣ 845.28ን ይያዙ። ለስድስት ሳንቲም የሚጨቃጨቅ የለም። ሳንቲም ከገበያ ጠፍቶ ባለሱቁ በመልስ ፈንታ ማስቲካ በሚያስጨብጥበት ከተማ ማን ይጨቃጨቃል? አሠራሩ ግን ወጥ ይሁን።

በአውሮፓ ይህ ነገር ፍርድ ቤት ደርሷል። የኔዘርላንድሱ አሆልድ የተባለ የሱፐርማርኬት ኩባንያ ቫቱን በየዕቃው ወደ ታች እያጠጋጋሁ ላስላ ብሎ ተከራከረ። የአውሮፓ ፍትሕ ፍርድ ቤት በ2008 እ.ኤ.አ. የሕብረቱ ሕግ የማጠጋጊያ ዘዴን እንደማይወስን፣ ዘዴውን የሚያስቀምጡት አገሮቹ መሆናቸውን፣ ነጋዴውም በየዕቃው ወደ ታች ላጠጋጋ ብሎ በመብት ሊጠይቅ እንደማይችል ወሰነ። እኛን አያስገድደንም። ግን የሳንቲም ክፍልፋይ በብዙ ሚሊዮን ዕቃ ሲባዛ ለክርክር የሚበቃ ገንዘብ እንደሚሆን ያሳያል።

ሶፍትዌሩን የሸጠልዎትን ሰው መክሰሱ አያዋጣም። ብዙዎቹ የሂሳብ ሶፍትዌሮች የነጠላ ዋጋ አሃዝ ስንት ይሁን የሚል ማስተካከያ አላቸው። ማስተካከያው ካለና እናንተ ሁለት ላይ ከተዋችሁት ጥፋቱ የእናንተ ነው። ከሌለ ደግሞ የሽያጭ ውሉን አይተን እንነጋገራለን። ወደ አራት አሃዝ ማሳደግ ብቻውን አይፈውስም፤ 2.1739 ቢይዙ ድምሩ 99,999.40 ነው። በኤክሴል የሚያመሳክሩ ከሆነም ይጠንቀቁ። ሁለት አሃዝ ቢያሳይዎትም ከጀርባ የሚያሰላው በሙሉው ቁጥር ነው። ስለዚህ ኤክሴሉና ኢንቮይሱ አይገጥሙም።

ለሚቀጥለው ውል ይህንን ያስገቡ፦ «ነጠላ ዋጋው ቫትን ጨምሮ 2.50 ብር ነው። የሚከፈለው ገንዘብ ይህ ዋጋ በብዛቱ ተባዝቶ የሚገኘው ነው። ማጠጋጋት የሚደረገው በጠቅላላ ድምሩ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ኢንቮይስና ውል ከተለያዩ ውሉ ይጸናል።»

ከዚያ በፊት ግን የመጀመሪያውን ፐርቼዝ ኦርደር ፎቶ አንስተው ይላኩልኝ። «2.17 ሲደመር ቫት» የሚል ሆኖ ከተገኘ ገዢው ትክክል ነው፤ ደብዳቤውንም አይላኩ።