ሮምና ገጠሯ ያለ መኪና

ጥያቄ፦ በመጪው ጥቅምት ከባለቤቴ ጋር ሮም ልንሄድ ነው። ኮሎሲየምን አይተን አንድ ቀን ወደ ገጠር ብንወጣ ደስ ይለናል። መኪና ሳንከራይ ይቻላል? ባለቤቴን ጉልበቷን ያማታል።
አንባቢ፣ ከፒያሳ

መልስ፦ በደንብ ይቻላል። ብዙ ሰው የሚቸገረው ኮሎሲየም በር ላይ ነው። ትኬቱ ላይ ስም ይጻፋል፤ ጠባቂዎቹም ከፓስፖርት ጋር ያስተያዩታል። ስለዚህ ስማችሁን ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው፣ ፊደል በፊደል፣ አስገቡ። ሰዓቱንም ልብ በሉ፤ 15:00 ካለ በእኛ አቆጣጠር 9 ሰዓት ነው። ላይኛው ፎቅ በአሳንሰር ስለሚደረስ ባለቤትዎ አይቸገሩም።

ለገጠሩ ኦርቪዬቶ የምትባለውን ትንሽ ከተማ እንመርጥላችኋለን። ከሮም ዋና ባቡር ጣቢያ ከተርሚኒ በተራው ባቡር ከአንድ ሰዓት ትንሽ ይበልጣል። የወረቀት ትኬት ከያዛችሁ ከመሳፈራችሁ በፊት ጣቢያው ውስጥ ባለው ማሽን ማኅተም አስመቱበት፤ ማኅተም የሌለው ትኬት ያስቀጣል። ከተማዋ የተቀመጠችው በእሳተ ገሞራ አለት አናት ላይ ነው፤ ከጣቢያው ፊት ለፊት በገመድ የሚሳብ ባቡር ሽቅብ ያወጣችኋል። ግንባታው በ1290 እ.ኤ.አ. የተጀመረውን ካቴድራል ከሰዓት በኋላ እዩት፤ ፀሐይዋ ያን ጊዜ ፊቱ ላይ ስለምታርፍ የወርቅ ሞዛይኩ ያበራል። ከዳገቱ ጫፍ ቁልቁል የወይን ማሳውን ማየት ብቻውን የመንገዱን ድካም ይክሳል።

እዚያው ኦርቪዬቶ ያለው የቅዱስ ፓትሪክ የውሃ ጉድጓድ ግን 53 ሜትር ይጠልቃል። ውሃ የሚጭኑ በቅሎዎች እንዳይጋጩ ተብሎ መውረጃና መውጫው ለየብቻ ተሠርቷል፤ እያንዳንዱ 248 ደረጃ አለው። እርስዎ ይውረዱት፤ ባለቤትዎ አጠገቡ ካለው መናፈሻ ሸለቆውን እያዩ ይጠብቁ።